አያ ይመርን በትግርኛ የላጨሁበት ቀን

አስመራ፣ ጥራቮሎ ሰፈር በነበረው ጸጉር ቤት ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ሰኞ ሱቁ ዝግ ነበር። ባለቤቱ ማስትሮ ባህታ አዲስ ሠራተኛ የሚቀበሉት ግን በዝግ ቀን ብቻ ነው። “ደንበኛ ፊት የሚሳሳት ሰው አልፈልግም፤ ሰኞ ሰኞ ተሳስተህ ጨርስ” አሉኝ። እጄን ተቀብለው እንደሚገዛ ዕቃ አገላብጠው አዩት፤ ጥፍሬን፣ መዳፌን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ። ከዚያ መጥረጊያ ሰጡኝ።

እሳቸው ዘንድ ያመጣኝ አያ ይመር ነው። የአገሬ ሰው ነው፤ ሁለታችንም ከወሎ፣ ከወረባቦ ነን። አስመራ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖት ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይሸጥ ነበር። አባቴ “አስመራ ይመር አለልህ” ብሎ ሰደደኝ፤ አያ ይመርም ከአውቶቡስ ተቀብሎ ቤቱ አስገባኝ። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ እኛ ዘንድ ግን አንድን ሰው “አያ” ካሉት ወዲያ አንቱታ የለም። አንቱ የሚባለው የሩቅ ሰው ነው።

ሱቁ ሦስት ወንበር ነበረው። በር አጠገብ ያለው የማስትሮ ነው። መሀለኛው የዋናው ሠራተኛ፣ የጥጉ ደግሞ ልጆችን ብቻ የሚቆርጠው ሰው ነው። ከጥግ ወደ በር በወንበር መጠጋት ነበር እድገታችን። እኔ ወንበር ሳይኖረኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጠረግሁ፣ ፎጣ ቀቀልኩ፣ የሳሙና አረፋ መታሁ።

ምላጭ መሳል ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ በግራ እጅ ወጠር አድርጎ ይዞ ምላጩን በጀርባው መገልበጥ ነው። በስለቱ ከገለበጡት ቆዳውም ምላጩም ይበላሻል። ማስትሮ ጆሯቸውን አዘንብለው ድምፁን ብቻ ሰምተው “ገና ነው” ይሉኝ ነበር። “ምላጩን የሚይዘው ቀኝ እጅ ነው፤ የሚላጨው ግን ግራ እጅ ነው” የሚል አባባልም ነበራቸው። ቆዳውን በግራ አውራ ጣት ካልወጠሩት ምንም የተሳለ ምላጭ ቢሆን ይቆርጣል ማለታቸው ነው።

አንድ ሰኞ “አሁን የራስህን ፊት አምጣ” አሉኝ። የሱቁ ደንብ ነበር። ጀማሪ በደንበኛ ፊት አይማርም፤ የሚያምነውን ሰው ከቤቱ ያመጣል። ሠራተኛው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ፊት ነበረው። ማስትሮ ራሳቸው ያኔ በጣሊያኑ አሠሪያቸው ጊዜ የወንድማቸውን ፊት ይዘው እንደሄዱ ነግረውኛል።

እኔ አያ ይመርን ይዤ መጣሁ። ያን ቀን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፤ አንዴ አገጩ ሥር፣ አንዴ ጆሮው አጠገብ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየና ዓይኑን ጨፍኖ “ቀጥል ሰይዶ፤ ቆዳ ነው፣ ይበቅላል” አለኝ። ማስትሮ ሳቁ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ አያ ይመር ሌላ ሰው እጅ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሁልጊዜ ይመጣ ነበር።

በሥራው እየበረታሁ ስሄድ ከመቀስና ከምላጭ ይልቅ የጎበዝኩት ሰው በማንበብ ነው። ለምሳሌ ወረፋ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ማንም “ተራው የኔ ነው” አይልም። ነውር ነው። ወንበር ሲለቀቅ አንዱ “ንስኻ ቅደም”፣ አንተ ቅደም፣ ይላል፣ ሌላው “ኣይፋል፣ ንስኻ”፣ የለም አንተ፣ ይላል፣ ሻሂ እስኪቀዘቅዝ ይገባበዛሉ። ማን እንደቸኮለ፣ ማን ለወጉ ብቻ እንደሚግደረደር ለይቼ “እርስዎ ይምጡ” የምለው እኔ ነበርኩ። አልሳሳትም። ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ጎኑን ማሳጠር ወይም መተው እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ማስትሮ ይህን አይተው መሀለኛውን ወንበር ሰጡኝ። እኔም ሰው ያልተናገረውን አውቃለሁ ብዬ ተኩራራሁ። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

የኤርትራ ነጻነት ሲመጣ ከተማው ቀንና ሌሊት ጨፈረ። እኛም ጨፈርን። ማስትሮ ሱቁን ከፍተው ከበረሃ ለመጡት ተጋደልቲ፣ ለታጋዮቹ ሁሉ በነጻ ቁረጡ አሉን። የበረሃ ጸጉር ቶንዶዝ አይገባውም፤ መጀመሪያ በመቀስ ማሳጠር፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ነው ማሽኑ። ወለሉ ላይ ጸጉር እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

የኢትዮጵያ ጦር ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው፣ ብዙ ሌሎችም ወደ ኢትዮጵያ ሄደዋል። እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ቀረን። ሥራዬ እዚህ ነው፣ ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል። አያ ይመርም ቀረ። “የት ልሄድ? ሰው ያለው እዚህ ነው” አለ። አንድም ሰው ሂዱ አላለንም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ የምናገረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም።

ብቻ ሱቁ ውስጥ አማርኛ ሳሳ። መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ድሮ በጸጉር ቤታችን አራት ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ማስትሮም “ሰው በተቀመጠበት ቋንቋ ይላጫል” ይሉ ነበር። አሁን አማርኛ የሚያውቁት ደንበኞች ሁሉ ሲገቡ “ከመይ ውዒልኩም” ብቻ ሆኑ፤ እንዴት ዋላችሁ ቀረ። እኔም ትግርኛዬ ጥሩ ስለነበር ተከተልኩ። አንድ ቀን መስተዋቱ ጥግ ላይ የነበረውን “እባክዎ አይጭሱ” የሚል የአማርኛ ወረቀት ራሴ አነሳሁት። አንሳ ያለኝ የለም። ማስትሮ ባዶውን ቦታ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን “ደግ አደረግህ” ብዬ ተረጎምኩት።

የማይለወጠው አያ ይመር ብቻ ነበር። ትግርኛው ከገበያ ሒሳብ አያልፍም፤ ዋጋና ሚዛን፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በዚያ ላይ ድምፁ ትልቅ ነው። ዓርብ ዓርብ በሩን ከፍቶ “አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ዋላችሁ ጃል?” ሲል መስተዋቱ የሚርገበገብ ይመስለኝ ነበር። ደንበኞቹ ቀና ይላሉ። እኔ አንገቴ ይሞቀኛል።

መጀመሪያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መመለስ ጀመርኩ። ቀጥሎ ዓርብ ሰው ይበዛል ብዬ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት እንዲመጣ ለመንኩት። “ይሁን፣ አንተ ከተመቸህ” አለና ጠዋት መምጣት ጀመረ። ከገበያ እስከ ጥራቮሎ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ጉልበቱም ያመው ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው። ዘይነባ ስትሰማ “ሰውዬውን እንደ ሌባ በጠዋት ታስገባዋለህ?” አለችኝ። ስለ ሥራው አታውቂም ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ያቺ ቀን ሐሙስ ነበረች። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል። በማስትሮ ወንበር ላይ ክፍሎም የሚባል ተጋዳላይ ተቀምጧል፤ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ የመጣ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያዳምጥ ሰው። የኔ ወንበር አሁን ተለቅቋል። አያ ይመር በሩን ከፍቶ ገባ። ቀኑ አይደለም፣ ሰዓቱም አይደለም። ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል።

“ሰይዶ፣ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት” አለ በአማርኛ፣ በዚያ ድምፁ።

ሱቁ ጸጥ አለ፤ ወይም ጸጥ ያለ መሰለኝ። ተጋዳላዩ በመስተዋቱ ውስጥ ወደኛ አየ። አግዳሚው ላይ ያሉት አየት አደረጉን። እኔም ዓይናቸውን አነበብኩ፤ አማርኛው ቅር አሰኝቷቸዋል፣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ፎጣውን አራገፍኩና “ከመይ ውዒልኩም ኣቦይ፤ እንታይ ክገብረልኩም?” አልኩት። አባቴ፣ ምን ላድርግልዎ? ለማላውቀው ሽማግሌ የምለውን ነው ያልኩት። ሙሉ አክብሮት ሰጠሁት። በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም ነበር።

አያ ይመር አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የሚያስብ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና ወንበሩ ላይ ወጣ። “ጭሕሚ” አለ ቀስ ብሎ። ጢም። ቃሉን የት እንዳገኘው አላውቅም፤ ምናልባት ከአግዳሚው ሰምቶት ይሆናል። “ጭሕሚ ጥራይ።” ጢም ብቻ።

ላጨሁት። አረፋውን ቀባሁ፣ ቆዳውን ወጠርኩ፣ ጉንጩን ከላይ ወደ ታች፣ አንገቱን ከታች ወደ ላይ። አንዲት ነጥብ አልቆረጥኩትም። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ። በየመሀሉ በትግርኛ “ጽቡቕ ድዩ? ደሓንዶ?”፣ ጥሩ ነው? ደህና ነው? እለዋለሁ፤ እሱ “እወ፣ እወ” ይለኛል፣ አዎ፣ አዎ። ከእወ ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ስጨርስ ከወንበሩ ወረደና እጁን ኪሱ ከተተ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አያ ይመር ከፍሎ አያውቅም፤ የአንድ ሠራተኛ ‘የራሱ ፊት’ አይከፍልም። እሱ ግን መደርደሪያው ላይ ሳንቲም አኖረ፣ ልክ እንደ ደንበኛ። “የቐንየለይ” አለኝ። አመሰግናለሁ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ትልቅ ጉዳይ ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ክፍሎም ጸጉሩ ሳያልቅ “ማስትሮ፣ ቆዩኝ” ብሎ ፎጣ እንዳጠለቀ ወጥቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ማስትሮ መቀሳቸውን አነሱ። እኔ ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል አልኩ።

በነጋታው ዓርብ አያ ይመር አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ዘይነባን “ጉልበቱን አሞት ይሆናል” አልኳት። ገበያ ሄጄ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም። ዓይኑን ማየት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክፍሎም መጣ። የማስትሮ ወንበር ክፍት ነበር። እሱ ግን አልፎት መጥቶ ከኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳስርለት በመስተዋቱ እያየኝ በአማርኛ “ሽማግሌው ሥራ ገቡ” አለኝ። የጠራ የደሴ አማርኛ ነው።

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ።

“ደሴ ነው ያደግሁት፤ እናቴ እስካሁን እዚያው ናት” አለ። “የዚያን ቀን የሰውየው ለዛ እናቴን አስታወሰኝ፤ ተከትያቸው ወጣሁ። ከተማው ዳር፣ ቤት ጊዮርጊስ አንድ ጋራዥ ዘበኛ ይፈልጋል፤ ዋስ አምጡ ብሏቸዋል። ዋስ እንድትሆናቸው ሊለምኑህ ነበር የመጡት። እኔ ፈረምኩላቸው።”

“አላወቅሁም” አልኩ፤ በትግርኛ ነው ያልኩት። አፌ እሱን ለምዶ ነበር።

“በአማርኛ ንገረኝ እንጂ ሰይድ” አለ ክፍሎም። “እኔ እዚህ የምመጣው አማርኛ የሚሰማበት ቤት ነው ሲሉኝ ነው። ስመጣ ሁላችሁም ዝም። ማስትሮ አይወዱ ይሆናል ብዬ እኔም ዝም አልኩ።”

ማስትሮ ከወንበራቸው ዘወር አሉ። “ኣነ?” አሉ። እኔ? ከዚያ ከጉሮሮ በሚወጣ አማርኛቸው “እኔማ እናንተ ተጋደልቲ ቅር ይላችኋል ብዬ ነው። ሰይድ ደግሞ ወረቀቱን ሲያነሳ ጊዜ፣ ይሄ ልጅ አገሩን ሊረሳ ፈልጓል፣ አላስታውሰውም ብዬ ዝም አልኩ” አሉ።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የነዳ የከባድ ማኪና ሹፌር፣ ሳቀ። “እኔ እኮ ሰይድ እንዳይሸማቀቅ ብዬ ነው በትግርኛ የማወራው” አለ። ሌላው “እኔ አንተን አይቼ ነው” አለው። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ያወሩ ጀመር። ትዝ ይለኛል፤ ሹፌሩ ስለ ሰንዳፋ ብርድ ያወራ ነበር፣ ማስትሮ የአማርኛ ተረት አሳስተው ተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደዚያን ጠዋት የሞቀ ሱቅ አላየሁም። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሁሉም ያጠፋው ዝም በማለት ነው፤ ቢስቅ አይፈረድበትም። ሰው ከወንበሬ ያራቅሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ፣ የዝግ ቀን፣ ምላጬንና ብሩሼን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ቤት ጊዮርጊስ ወጣሁ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርጄ ወደ ምጽዋ መንገድ ትንሽ ቁልቁል ሄድኩ። አያ ይመር ከጋራዡ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ። ጢሙ አድጓል።

“አሰላሙ አለይኩም አያ ይመር” አልኩት በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ ነበር ፍላጎቴ።

ሰላምታውን መለሰልኝ። ከዚያ “ከመይ ኣለኻ ወደይ?” አለኝ። እንዴት ነህ ልጄ።

“አያ ይመር፣ በድያለሁ፤ አውፍ በለኝ” አልኩት። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። “ደሓን፣ ደሓን” አለ። ምንም አይደለም። በርጩማውን ለቆልኝ ለራሱ አንድ የጎማ ቸርኬ ጎትቶ ተቀመጠ።

እዚያው ላጨሁት። በአማርኛ ሁሉን ነገርኩት፤ የክፍሎምን፣ የማስትሮን፣ የሹፌሩን። ማንም ያዘዘ እንዳልነበረ፣ እኔ ራሴ ያወጣሁት ደንብ እንደሆነ ነገርኩት። ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። የሚመልስልኝ ግን በትግርኛ ነው፤ በዚያ በሚዛንና በዋጋ ትግርኛው። “ጽቡቕ። ጽቡቕ እዩ።” ጋራዡ ውስጥ መካኒኮች ስለነበሩ እነሱን አፍሮ ይሆናል አልኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ መካኒኮቹ አልነበሩም፤ በዓል ነበር። ብቻችንን ነን። እሱ አሁንም በትግርኛ። “አያ ይመር፣ ሰው የለም እኮ” አልኩት። ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየና በሌባ ጣቱ ቀስ አድርጎ ደረቴን ነካኝ። “ስራሕካ” አለ። ሥራህ። “ደቅኻ።” ልጆችህ። ሌላ ቃል ፈልጎ አጣ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልተቀየመኝም። ሊቀጣኝም አይደለም። እኔ በዚያች ሐሙስ የሆነ አደጋ ላይ የነበርኩ መስሎት ነው። ሰይድ በሰው ፊት ካላወቀኝ የሚያሰጋው ነገር አለ ብሎ አመነ፤ ያለ ምክንያት እንዲህ አያደርግም ብሎ። የምነግረውን ሁሉ ደግሞ እሱን ለማጽናናት የምናገረው ነው የመሰለው። ስለዚህ ይጠብቀኝ ነበር። ያመጣሁት ደንብ እኔ ከተውኩት በኋላም እሱ ዘንድ ጸንቶ ቀረ።

ዘይነባ ምግብ ይዛ ትሄድ ነበር። “ለኔ በአማርኛ ነው የሚያወራኝ፤ ቀልዱም እንደድሮው ነው” ትለኛለች። “አንተ ስትመጣ ብቻ ነው።” እንድትነግርልኝ ለመንኳት። ነገረችው። “የሴት ልብ ሁሉን ደህና ያያል፤ እሱ የሚያውቀውን ያውቃል” ብሏታል።

ክፍሎምን ይዤ ሄድኩ። ተጋዳላይ ራሱ ከነገረው ያምናል ብዬ ነው። ክፍሎምና አያ ይመር አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ተጫወቱ፤ ስለ ሐይቅ ዓሣ፣ ስለ ደሴ ጭቃ። እኔ መሀል ስገባ ወደኔ ዞሮ “እወ ወደይ” ይለኛል፤ ከዚያ ወደ ክፍሎም ተመልሶ በአማርኛ ይቀጥላል። ስንመለስ ክፍሎም መንገድ መሀል ቆመ። ከዚያ “ይሄን ሰው ምን አድርገኸው ነው?” አለኝ። የነበረውን እኮ አይተሃል አልኩት። “አይቻለሁ፤ ይሄን ያህል መሆኑን ግን አላየሁም” አለ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል በየሰኞው ላጨሁት። ትግርኛው ተሻሻለ። አርባ፣ ሃምሳ ቃል ተማረ፤ ለኔ ሲል። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዝናብ ማውራት ቻለ። ስለ አባቴ ማውራት ግን አልቻለም። አባቴን በወጣትነቱ የሚያውቀው አስመራ ውስጥ እሱ ብቻ ነው፤ ድሮ እየተላጨ ስንት ነገር ያወጋኝ ነበር። ያ ወሬ በአማርኛ ነበርና ቆመ። አባቴ በዚያው መሀል አገር ቤት ሞተ። አያ ይመር ሊያለቅስልኝ መጣ፤ እጄን ይዞ “ወደይ፣ ወደይ” እያለ ብቻ አመሸ።

በመጨረሻ ጉልበቱ እምቢ ሲለው የእህቱ ልጆች አገር ቤት እንዲገባ ላኩበት። የመሄጃው ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘነው፤ እኔ፣ ዘይነባና ማስትሮ ባህታ። አውቶቡሱ ወደ ደሴ የሚሄድ ነው፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ይጮሃል። አያ ይመር መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ከጎኑ ያለችውን ሴት ከየት ናት ብሎ ጠየቃት፣ ዘመድ አገኘ፣ ሳቀ። የአውቶቡሱ ሹፌር በዕድሜ ትልቁ እርስዎ ነዎት፣ ይመርቁን አለው። ቆመ፤ መቀመጫውን ተደግፎ መረቀ። “መንገዱን ያቅናው፣ ተራራውን ያለስልሰው፣ የወጣውን ያግባው፣ የቀረውን ይጠብቀው” እያለ ረዘም ላለ ጊዜ መረቀ። አውቶቡሱ ሁሉ አሚን አለ። እኔም ከውጭ አሚን አልኩ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁትን አማርኛ ከመስኮት ውጭ ቆሜ ለሌላ ሰው ሲናገረው ሰማሁት።

ሞተሩ ተነሳ። አያ ይመር መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። እዚያ ማንም የሚያሰጋው ሰው አልነበረም፤ እሱም ያውቃል፣ ግራ ቀኙን አላየም። ልማድ ሆኖበት ነው፤ ፊቴን ሲያይ የሚመጣለት ቋንቋ ያ ሆኗል።

“ደሓን ኩን ወደይ” አለኝ። ደህና ሁን ልጄ።

እኔም በአማርኛ መለስኩለት፤ የሰማኝ አይመስለኝም። ማስትሮ ክንዴን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ “እኔም እኮ ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ” አሉ። አልጨረሱትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበርም ደርሶኛል። ከሙያው የተማርኩትን ንገረን ስትሉኝ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሰው ምን ይላል ብላችሁ የምታደርጉት ነገር ካለ፣ ሰውየውን ጠይቁት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አምስት ሰዎች አልጠየቅሁም፤ ሁሉንም አውቃለሁ ብዬ ነው፤ አንዱንም አላውቅም ነበር።